የማያጉረመርም መጋዝ

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 4

ትልቁን ድስት ግቢ ውስጥ ጥጄ የፕሪም ማርማላታ ሳማስል ዋልኩ። ክንዴ ዝሏል። ቶአደር ሼድ ውስጥ የደንበኛውን የአክሴንቴን የሞተር መጋዝ ካርቡራተር ሲያስተካክል ነበር። በአንድ እጁ ካቻቢቴ፣ የሌላው እጁ ጣት ወደ ላይ... ያ ጣት ከተነሳ ውሻው እንኳ ዝም ይላል። እኔም ማማሰሌን አቆማለሁ። ባሌ የሚሠራው በጆሮው ነው።

ጎረቤታችን ዛምፊራ አጥሩን ተደግፋ «ውይ፣ እንዴት ያለ ጥሩ ድምፅ!» አለች። እውነትም መጋዙ ዘፈነ። ጥርት ብሎ።

ግን ከቶአደር እጅ የወጣ መጋዝ መቼ ዘፍኖ ያውቃል? እንጨት ሳይነካ ባዶውን ሙሉ ቤንዚን ሲሰጠው ትንሽ ማጉረምረም አለበት። ድምፁ የሚጠራው እንጨት ውስጥ ሲገባ ነው። ባዶውን ከጠራ ነዳጁ አንሶታል ማለት ነው፤ ከቤንዚኑ ጋር የተቀላቀለው ዘይትም አብሮ ያንሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተኑ ተጣብቆ ይቀራል። ይህን ያስተማረኝ የለም። ቶአደር ለመጣ ሰው ሁሉ ከሚናገራት ቀልድ ነው የማውቀው፦ «የማያጉረመርም መጋዝና የማታጉረመርም ሚስት አንድ ቀን ሁለቱም ቀጥ ይላሉ።» ወንዶቹ ይስቃሉ። እኔ ሰልችቶኛል።

ምናልባት የድስቱ መንተክተክ አሳስቶኝ ይሆናል።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 6

ሾርባው ደረሰ ብዬ ሦስቴ ጠራሁት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። ዞር ሲል «ምነው ዛሬ ምሳ የለም እንዴ?» አለኝ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 9

አክሴንቴ መጋዙን ተሸክሞ መጣ። ፒስተኑ ተጣብቋል። የማስነሻ ገመዱ አይሳብም።

«ጋሽ ቶአደር፣ አንድ ታንክ ቤንዚን እንኳ አልጨረስኩበትም።»

«ዘይት አሳንሰህ ቀላቅለህ ነዋ!»

«በእናቴ ስም፣ እንደ ሁልጊዜው ነው የቀላቀልኩት።»

«እንግዲያው ብርዱ ነው። ጠዋት ውርጭ ነበር።»

አክሴንቴ መጋዙን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። ሌላ መካኒክ ቢሆን ይሰድበው ነበር። ቶአደርን ግን ማን ይሰድባል? ከሦስት ሸለቆ ማዶ መጋዝ ተሸክመው የሚመጡት ለዚያ ጆሮው ነው።

የቶአደርን ፊት አየሁት። ብርዱ ነው ብሎ ከልቡ አምኗል። አንጀቴን የበላው እሱ ነው። ቢዋሽ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 11

ታናሽ ወንድሜ ኦኑፍሬ ከላይ ሰፈር ወረደ። ቶአደር እንዲያስተካክልለት የአባታችንን መጋዝ ይዞ። ጥጃ የሚያህለውን... ትከሻው ላይ አድርጎ ነው የመጣው። ሰኞ ከመንገዱ በላይ ያለውን ግዙፍ የቢች ዛፍ ሊጥሉ ነው። ውስጡ በስብሶ ወደ መንገዱ አጋድሏል። ያንን ግንድ የሚያዳርስ ምላጭ ያለው ይኼ መጋዝ ብቻ ነው።

እየበላን ጠየቅኩት። «መሃል ላይ ቢቆምብህስ?»

«ምን ታሟርቺብኛለሽ እታለም!»

«ቢቆምስ አልኩህ?»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «ከግማሽ በላይ ገብቼ ከቆመብኝ ዛፉ እንደ ፈቃዱ ነው የሚሄደው። እኔ ላይም ሊሆን ይችላል።» ከዚያ ሳቀ። «ጋሼ ያስተካከለው መጋዝ ደግሞ መች ቆሞ ያውቃል?»

ቶአደር የሚስቀውን አይቶ አብሮ ሳቀ። የተባለውን ሰምቶ ይሆን?

ዓርብ፣ ኦክቶበር 13

ቶአደር የኦኑፍሬን መጋዝ አስተካከለው። ሦስቱን ብሎኖች ነካካ፤ የታችኛውን፣ የላይኛውን፣ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የሚይዘውን የሚኒሞውን። ጣቱን አነሳ። ሙሉ ቤንዚን ሰጠው።

ዘፈነ።

እጄ እንደረጠበ መስኮቱ ጋ ቆሜ ቀረሁ። አጉረምርም... አጉረምርም እንጂ... እንደ ጸሎት። ነዳጅ የሚለካውን የላይኛውን ብሎን ጭራሽ ትንሽ አጠበቀው። ድምፁ የባሰ ቀጠነ። ቶአደር ረክቶ ራሱን ነቀነቀ።

ኦኑፍሬ በሩ ላይ ቆሟል፣ እሱ ምን ያውቃል? «ለኔ ሁሉም ጩኸት ነው» ይላል።

ምን ልበል? በወንድሜ ፊት፣ በሼዱ ውስጥ፣ ጆሮህ ሄዷል ልበለው? ዝም ካልኩስ? ወንድም እኮ አንድ ነው ያለኝ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 14

የቅድስት ፓራስኬቫ በዓል። ዛሬ መርፌ እንኳ አይነካም፣ ሞተርም አይነሳም። መንደሩ ጭጭ ብሏል። ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን የበቆሎ ገንፎውን በአይብ አቀረብኩለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ከንፈሬን እንዲያይ።

«አላጉረመረመም።»

«ምኑ?»

«መጋዙ። የኦኑፍሬ። የአክሴንቴም አላጉረመረመም ነበር።»

ፊቱ ቀላ። «ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ መካኒክ የሆንሽው?»

«ካገባሁህ ጀምሮ ያ ድምፅ በመስኮት ሲገባ ነው የኖረው። ልጆቼን ያጠባሁት እሱን እየሰማሁ ነው። ያንተን ሥራ ከሌላ ሰው ሥራ ለይቼ የማላውቅ ይመስልሃል?»

ተነስቶ ወጣ። በሩን አልወረወረውም። ቢወረውረው ይሻለኝ ነበር። አለቀስኩ። ስለ ኦኑፍሬ ይሁን ስለ እሱ እንጃ።

ሲመለስ ገንፎው ቀዝቅዞ ደርቋል። እንደዚያው በላው። ቀና ሳይል ጠየቀኝ፦

«ዘንድሮ በጋ ፌንጣ የለም ብዬሽ ነበር አይደል? መድኃኒት ረጭተው ነው ብዬ...»

«አዎ።»

«ነበሩ?»

ምን ብዬ እዋሸዋለሁ?

«ነበሩ» አልኩት። «ሌሊቱን ሙሉ ሲጮሁ ነበር።»

እጁን ገንፎው አጠገብ ዘርግቶ ቆየ። እጄን ላዩ ላይ አደረግኩ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 15

ስለ መጋዙ አላወራንም። ማታ ላይ ብቻ፦ «ነገ ላም ከማለብሽ በፊት ሼድ ነይ» አለኝ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 16

ሼዱ ውስጥ መጋዝ ሲስተካከል ቆሜ አላውቅም። ለካ ወለሉም ይንቀጠቀጣል። ቶአደር መጋዙን አስነስቶ እስኪሞቅ ጠበቀ። ካቻቢቴውን የላይኛው ብሎን ላይ አደረገና ዓይኔን ዓይኔን አየኝ።

ሙሉ ቤንዚን። ዘፈነ። አይደለም በሚል ራሴን ነቀነቅኩ። ብሎኑን ትንሽ ፈታ። አሁንም ዘፈነ። ገና። ትንሽ ጨመረ... ድምፁ ተሰበረ፣ ሻከረ፣ ያ የማውቀው ማጉረምረም መጣ። ሳላስበው ጣቴን አነሳሁ።

እጁ ቆመ። ውሻው ዝም አለ።

ኦኑፍሬ በሩ ላይ ሆኖ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን ያያል። «ጋሼ... ምን እየሆናችሁ ነው?»

«ምን እኔን ታያለህ?» አለው ቶአደር። «ጆሮው እዚያ ጋ ቆሞልሃል።» ኦኑፍሬ አልሳቀም። ባርኔጣውን አውልቆ እንደገና አደረገና መጋዙን ተሸክሞ ሄደ።

ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመን ዛፉ ወዳለበት ተራራ አየን።

«አሁንስ?» ይለኛል።

«እንጨት ውስጥ ነው። ጠርቷል።»

«አሁንስ?»

«አወጣው። እያጉረመረመ ነው።»

«ጥሩ። አሁንስ?»

«መልሶ አስገባው... ቶአደር፣ ቆሟል።»

ክንዴን ጨመቀኝ። ከዚያ ምድሪቱ ድም አለች። ያንን ራሱም ሰማ። ቆየት ብሎ የኦኑፍሬ ፉጨት መጣ፣ ረጅም፣ ቀጭን። ለካ ጨርሶ ነው ያጠፋው።

«አፏጨ» አልኩት። «ደህና ነው።»

አማተበ። እኔ የማገዶው ክምር ላይ ቁጭ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ የአክሴንቴን መጋዝ ከጠረጴዛው አነሳ። «እኔ ልሂድና ላስረዳው?» አልኩት። «አይሆንም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ እኔው እነግረዋለሁ» ብሎ ወጣ። ያለ ኮት። በዚህ ብርድ።

ከደጃፉ ሆኜ ልጮህበት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ተውኩት፤ ጀርባውን ሰጥቶኛል። ኮቱን ይዤ ሮጥኩ፣ ድልድዩ ጋ ደረስኩበት፣ አልፌው ፊቱ ቆምኩ። እዚያ ቆሜ ኮቱን እስኪለብስ ድረስ አጉረመረምኩበት። ከንፈሬን እያየ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።