እምቢ ያላለው ጳጳስ

ከባሕር ማዶ ላለሽው ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለዶርትያ ይድረስ።

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽ ራስሙስ እንዴት ነው፣ ዓሣውስ ዘንድሮ ቀናው? የእናታችን ዓይን እንዴት ሆነላት? እኔ በሕይወት አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ልዋሽሽ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ።

እታለሜ፣ ላውሪትስ ሞተ። ሸፋፍኜ ልጽፍልሽ ሞክሬ ወረቀት ካበላሸሁ በኋላ ተውኩት። በየደብዳቤሽ “ጳጳሱ ባልሽ” እያልሽ ትቀልጂብኝ ነበር። እውነትሽን ነው፤ በዚህ በገባንበት አዲስ ሃይማኖት ጳጳስ እንደ ሀገራችን ጳጳስ ነጭ አንገትጌ አድርጎ በሠረገላ የሚሄድ አይደለም። ያርሳል፣ የተጣሉ ጎረቤቶችን ያስታርቃል፣ ለድሀ እንጨት ይፈልጣል፤ ደመወዝ የለውም። የራሳችን ጣሪያ እያፈሰሰ የመበለቶቹን ጣሪያ ሲጠግን ይውላል። ስነግረው “የኛ ይደርሳል” ይለኝ ነበር። ይኸው ዛሬም ያፈሳል።

እዚህ ሰው አይጠየቅም፤ ይጠራል። እሁድ ጸሎት ቤት ተቀምጠሽ ሳለ ከከተማ የመጣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስምሽን ከመድረክ ያነብና የምትሄጂበትን ይነግርሻል። ከዚያ “የምትደግፉ እጃችሁን አንሡ” ይላል፤ ቤቱ በሙሉ ያነሣል። ቀጥሎ “የምትቃወሙ” ይላል፤ ለወጉ ያህል ነው እንጂ በዚያን ጊዜ የተነሣ እጅ አይቼ አላውቅም። ላውሪትስ ስሙ በተጠራ ቁጥር ሄደ። ሁለቱን ሴት ልጆቼን መንገድ ላይ፣ ሜዳው ውስጥ ቀብረን መጥተን፣ ገና ጎጆ ሳንቀልስ ለስብከት ወደ እናንተ ተላከ። እናንተ ቤት እራት ሲበላ እኔ እዚህ ሕፃኑን ልጄን ኒልስን በጀርባዬ አዝዬ ቃርሚያ እለቅም ነበር። ሲመለስ ደግሞ ጳጳስ ሁለተኛ ሚስት ቢያገባ ለሌላው አርአያ ይሆናል ተባለ። ያገባት ሄስተር የምትባል ወላጅ የሌላት እንግሊዛዊት ናት። እንደ ወጉ የእሷን እጅ ይዤ በእሱ እጅ ላይ ያኖርኩት እኔው ነኝ። ጣውንትን በገዛ እጅ ማምጣት ምን እንደሚመስል አታውቂም፤ አያሳውቅሽ።

አምና ደግሞ ወደ ደቡቡ በረሃ ውረድ፣ ወንዙን ገድበህ ሰፈር መሥርት ተባለ። እኔና ሄስተር ቤት እስኪሠራ ድረስ ከኒልስ ጋር እዚሁ ቀረን። ግድቡን ሠሩት፣ ወንዙ ወሰደው፤ ደግመው ሠሩት፣ ደግሞ ወሰደው። አብሮት የነበረው ጎረቤታችን ኢቨር እንደነገረኝ፣ ጥቂት ወደ ላይ ቢወጡ ግድብ የሚይዝ ዓለታማ፣ ጠበብ ያለ ቦታ ነበር። ሰዎቹ ይህንን ለላውሪትስ ነግረውታል። እሱ ግን “ቦታው ከመድረክ የተነገረ ነው፤ እኔ ማን ነኝና ነው የማዛውረው?” አላቸው። ወንዙ ጸሎት ቤት አይመጣምና ይህን አልሰማም። ላውሪትስ ጭራሮ ተሸክሞ ወደ ግድቡ ሲወርድ ዳርቻው ተናደበት።

መጥፎ ሰው ነበር እንዳልል መልካም ሰው ነበር። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ረግሜው ይወጣልኝ ነበር።

ባለፈው እሁድ ከከተማ ሽማግሌ መጣ። ስለ ላውሪትስ አገልግሎት ረጅም ሰዓት ተናገረ፤ አንድ ቀን እንኳ እምቢ አላለም ብሎ አለቀሰ። እንባው የውሸት አልነበረም፣ ይህን አልነፍገውም። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ሆነብኝና እኔም ለአፍታ ልቤ ሄደ። ዓይኑን ጠራርጎ ወረቀቱን ገለበጠና የኒልስን ስም አነበበ። የአባቱን ቦታ ይይዛል፣ ግድቡንም እዚያው ይሠራል አለ። የቀረኝ ልጅ እሱ ብቻ መሆኑን ቤቱ ሙሉ ያውቃል። እጃቸውን ግን አነሡ።

ሽማግሌው “የምትቃወሙ” ብሎ ወደ መዝሙሩ ሊያልፍ ሲል እጄን አነሣሁ።

“እህት ማረን፣ ድጋፉ እኮ አልፏል” አለኝ በርኅራኄ። “ይሄ የተቃውሞው ነው።”

“አውቃለሁ። ለእሱ ነው ያነሣሁት።”

ከኋላዬ ሹክሹክታ ተነሣ። ዞር ስል ሄስተርም እጇን አንሥታለች። ሰው ሁሉ ዞሮ ቢያያትም አላወረደችም። ያን ጊዜ በወንዶቹ በኩል ኒልስ ብድግ አለ። ፊቱ ቀልቷል።

“እናቴ ሐዘን ላይ ናት፣ አትታዘቧት” አለ። “እኔ እሄዳለሁ።”

እኔን አላየኝም። መዝሙሩም ተዘመረ።

ከመሄዱ በፊት፣ መሄዱስ ይሁን፣ እባክህ ግድቡን ዓለቱ ጋ አድርገው ብዬ ለመንኩት። አባቴ የሞተበትን ቦታ ትቼ የት ልሂድ አለኝ። ሐሙስ ዕለት ሄደ። አሁን ሰው ከሩቅ ነው ሰላም የሚለን፤ ከእኔና ከሄስተር ጋር መታየቱን ፈርተውታል። ከእሷ ጋር በአንድ ቤት፣ ከአንድ ድስት እንበላለን። ሌሊት ሲዘንብ የሚያፈሰውን በባልዲ የምትቀበለው እሷ ናት።

ራስሙስን ሰላም በይልኝ። የወንድማችንን ልጆች፣ ትንሿን ቦዲልንም ሳትቀር፣ በየስማቸው ሳሚልኝ። በደብዳቤሽ “ያቺ ሴት” እያልሽ የምትጠሪያት ሄስተርም ሰላም ብላሻለች፤ ከእንግዲህ በስሟ ጥሪልኝ። ይህን ለእናታችን አታንብቢላት። ላውሪትስ አልጋው ላይ፣ በሰላም ነው የሞተው በያት። ስለ ኒልስ ከጠየቀችሽ ደግሞ፣ እናቱን አልሄድም አላት፣ አጠገቧ ነው በያት።

እህትሽ ማረን

ቤተ ሳይዳ፣ የዩታ ግዛት
ኅዳር 11 ቀን 1868