ተራችን ሊደርስ ሲል

ወዳጄ ቪቢዮስ፣

ከሮም ነው የምጽፍልህ፤ እግሬ አብጧል። የመሬት ክፍፍሉ ሕግ አልጸደቀም፤ አልወደቀምም። ከንጋት ጀምሮ በረት በሚሉት የድምፅ መስጫ አጥር ውስጥ ታጉረን ፀሐይ አናታችንን ሲቀቅለው ዋለ። እኛ አገር ለገበያ የሚነዱ በጎች እንኳ ውኃ ያገኛሉ።

ተራችን ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው፣ አጠገቤ የቆመው ኦፒዮስ የሚባል ሽማግሌ ወታደር ዓይኑ ተገለበጠ። የሚጥል በሽታ አለበት ለካ! መቼም ታውቃለህ፤ በጉባኤ መሐል አንድ ሰው በዚህ ከወደቀ አማልክት ተቆጥተዋል ተብሎ ሁሉም ይበተናል።

"ደግፉት! እንዳይታይ!" አልኩ። ግራና ቀኝ ተጣብቀን ቀጥ አድርገን ያዝነው። ማቃሰቱ እንዳይሰማ ከኋላ ያሉት ዘፈን ጀመሩ። የባለመሬቶቹ ሰዎች ግን አይተውት ኖሯል።

"ወደቀ! ሰው ወደቀ!" ብለው ጮኹ።

"የት አባቱ ወደቀ? ቆሟል እኮ! ዓይንህ ይፍሰስ!" አልናቸው።

ማን ሰምቶን። ሰብሳቢው ጉባኤውን በተነ።

ኦፒዮስ ሲነቃ በረቱ ባዶ ነበር። እጄን ያዝ አድርጎ፣ "ልጄ፣ ተራችን ደረሰ እንዴ?" አለኝ።

"ገና ነው አባባ፤ ትንሽ ይረፉ" አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?

የምጽፍባት የሰም ሰሌዳ ሞላች። የእናትህን ጉልበት ሳምልኝ፤ ልጆቹን አገላብጠህ ሳምልኝ። ለሚስቴ ለኔሪያ፣ ዘንድሮም የምናርሰው የሰው መሬት ነው በላት። አደራ፣ እራቷን ከበላች በኋላ ንገራት።

ስፑሪዮስ