እማዬ የጎረቤት ዒላማ የመታች ዕለት

ውድ እህቴ ዚታ፣

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ፣ ጉልበትሽስ፣ እንቅልፍሽስ? የሌሊት ተረኛ በሆንሽበት ሳምንት ቀን ቀን በደንብ ትተኛለሽ ወይስ አሁንም የአከራይሽ ድመት እየቀሰቀሰችሽ ነው? እዚያ ኖርዌይ፣ በርገን ከተማ፣ ዝናቡ አንድ ቀን እንኳ አባርቶ ያውቃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ለወጉ ያህል አይደለም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ይህችኑ አንድ ቃል እንድታምኚኝ ብዬ ነው።

በጥር «ነይልን» ብዬ የጻፍኩልሽ እኔ ነኝ፤ ያኔም እውነቴን ነበር። አባዬ በነሐሴ ድርቆሹ መሐል ወድቆ ከቀረ ወዲህ እማዬ ከበረትና ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አትሄድም ነበር። ምግብ ትሠራለች፣ አትበላም። ስናናግራት ግማሹን ትሰማለች። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ እጄን በሩ ላይ አድርጌ፣ ዛሬስ እንዴት ሆና ይሆን እያልኩ ቆም እል ነበር። አንቺም መልስሽን ላክሽ፤ በዚህ ወር መጨረሻ የአዋላጅነት ሥልጠናውን ትተሽ እንደምትመጪና ቤቱን እንደምትይዢ ጻፍሽ። እባክሽ እህቴ፣ የመልቀቂያ ማመልከቻሽን ከማስገባትሽ በፊት ትናንት የሆነውን ሁሉ አንብቢልኝ።

ነገሩ የጀመረው ጥር ሊያልቅ ሲል ነው። የክርስትና አባቴ ጋሼ ቬንዴሊንና የትምህርት ቤታችን አውቶቡስ ሾፌር ዶናት ቤታችን መጡ። አባዬ በየዓመቱ ከሁለቱ ጋር በባያትሎን እንደሚወዳደር ታውቂያለሽ። ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው፣ በበረዶ ላይ በስኪ እየሮጡ መተኮስን ለፍቅሩ ብቻ የያዙ ሰዎች ከየአገሩ የሚሰበሰቡበትን ውድድር ማለቴ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ተራው የእኛው ሆኖ፣ ከተራራው ማዶ ካለው የተኩስ ሜዳ በጾሙ መጀመሪያ ሊደረግ ነበር። ለቅብብሎሹ ሦስት ሰው ያስፈልጋል፤ እነሱ ሁለት ቀርተዋል። ጋሼ ቬንዴሊን ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ እያሽከረከሩ «ዘንድሮ ይቅርብን ልንል ነው፤ ሳንነግራችሁ ብንተወው ደግሞ ነውር ነው ብለን ነው የመጣነው» አሉ። እማዬ ድንች እየላጠች ነበር። ቀና ሳትል «እኔ እሮጣለሁ» አለች።

ዶናት የቀልዷን መስሎት ሳቀ። እማዬ አልሳቀችም። ጋሼ ቬንዴሊን ቀስ ብለው «ቦዜና፣ ጠመንጃ ከያዝሽ ስንት ዓመት ሆነሽ?» ሲሉ «ዚታን ካረገዝኩ ጀምሮ አልያዝኩም» ብላ መለሰች። ዶናትም «በቃ፣ ዒላማዎቹ ዘንድሮ ዕረፍት ወጡ በሉኛ!» አለ። እማዬ የድንቹን ልጣጭ ወረወረችበትና ግንባሩን መታችው። ጋሼ ቬንዴሊን «እጇ እንኳ አልረሳም» አሉ።

አያታችን ሮዛሊያ ግን ከምድጃው አጠገብ ሆነው ይህን ሁሉ ይሰሙ ነበር። ሰዎቹ እንደወጡ ተነሡ። «ልጄ የሞተበት ዓመት ሳይሞላ! በጾም! ጥቁር የለበሰች ሴት እንደ ኮረዳ በጠባብ ሱሪ ሕዝብ ፊት ልትሮጥ! መንደሩ ምን ይላል?» አሉ። እማዬ ድንቿን መላጥ ቀጠለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ አልተነጋገሩም፤ መልእክተኛቸው እኔ ሆንኩ። እማዬ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጣ ሳለ አያታችን «ታዴያሽ፣ ሾርባው ጨው አንሶታል በላት ለእናትህ» ይሉኛል። እማዬ ደግሞ «ጨው ያለው እጃቸው ሥር ነው በላቸው» ትለኛለች። እኔም እንደ ፖስተኛ መሐል ቁጭ ብዬ ሾርባዬን እጠጣለሁ።

ጠመንጃው የስፖርት ክበቡ ነው፤ ነገር ግን አባዬ ለብዙ ዓመት ስለያዘው ሰደፉ በእሱ ትከሻ ልክ የተሠራ ነበር። ለእማዬ ረዘመባት። ጋሼ ቬንዴሊን መጋዝ ይዘው መጥተው ለኩ፣ በእርሳስ አሰመሩ፣ ከዚያ መጋዙን ጨብጠው ቆሙ። «ይሄን ተዪው፣ ሌላ እንጨት ፈልጌ አዲስ ልሥራልሽ» አሉ። እማዬ መጋዙን ከእጃቸው ወሰደችና «እሱ ቢኖር ራሱ ይቆርጠው ነበር። የማይመቸኝን ነገር ያዢ ብሎኝ አያውቅም» አለች። እኔ ድምፁን ላለመስማት ወደ በረት ወጣሁ። ላሟ አንገት ላይ ተደግፌ እንባዬ እስኪያልቅ ቆየሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም፣ ለአንቺ ብቻ ነው። ስመለስ እማዬ ሰደፉን ትከሻዋ ላይ አስደግፋ ግድግዳ ላይ ወዳለው ሰዓት ታነጣጥር ነበር። «አሁን ልኬ ነው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ላሞቹ ከታለቡ በኋላ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ በስኪ ትሮጣለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከክበቡ ጋር ትተኩሳለች። በመጀመሪያው ቀን ድልድዩ ላይ ወድቃ እግሯና ስኪው ተጠላልፎ መነሣት አቅቷት ነበር። ዶናት አውቶቡሱን አቁሞ፣ ተማሪው ሁሉ በመስኮት እያየ «ቦዜና! ተኝቶ መተኮስ ሜዳው ላይ ነው፣ እዚህ አይደለም!» ብሎ ጮኸባት። እኔ አውቶቡሱ ውስጥ ነበርኩ። ማፈር ነበረብኝ፤ ግን አላፈርኩም።

ትናንት ጠዋት መኪናችን ጋ ስንደርስ አያታችን ለበዓል የሚለብሱትን ጥቁር ልብስ ለብሰው፣ ሻይ በፔርሙዝ ይዘው፣ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ሁላችንም አፍጥጠን አየናቸው። «ምን ታዩኛላችሁ? ሰው ከሚያወራልኝ ራሴ አይቼ ልፈር ብዬ ነው!» አሉ። ሜዳው ላይ ስንደርስ እማዬ የቡድኑን ቢጫ መለያ ስታጠልቅ ጠጋ አሉና ከኪሳቸው ጥቁር ጥብጣብ አውጥተው ክንዷ ላይ አሰሩላት። በጥርሳቸው ትርፉን በጥሰው «ይህ ካለ ሐዘንሽ ከአንቺ ጋር ነው። እንግዲህ ሂጂ» አሏት። ለእኔ «በላት» ሳይሉ በቀጥታ ለእሷ ሲናገሩ ከጥር ወዲህ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ዕለቱ የሴቶች ቀን ስለነበረም ጋሼ ቬንዴሊን ለሁለቱም አንድ አንድ ቀይ አበባ ሰጧቸው። አያታችን «ለአሮጊት አበባ!» ብለው ተቆጡና ሻርፓቸው ላይ ሰኩት። እማዬም የሷን መለያዋ ሥር፣ ደረቷ ላይ ሸጎጠችው።

ዐሥራ አራት ቡድን ነበር። ጋሼ ቬንዴሊን ጀመሩ፤ ቀስ ብለው ግን ሳይስቱ። ዶናት ቀጠለና ስድስተኛ ሆኖ መጣ። እማዬን ነክቶ ሲያስረክባት «ይህን ያህል ሰጥቼሻለሁ፣ አታባክኚብኝ!» አላት። የመጨረሻው ዙር የአባዬ ቦታ ነበር፤ እሷ ናት እዚያ ልሩጥ ያለችው። ተኝታ የምትተኩሰውን አንድ ብቻ ስታ በመጠባበቂያ ጥይት ዘጋችው፤ አምስቱም ጥቁር ነጥብ እየወደቀ ነጭ ሆነ። ያን ጊዜ ዘልዬ «አየህ!» ልል ወደ ጎኔ ዞርኩ። አባዬ ሁልጊዜ የሚቆመው በዚያ በኩል ነው። የቆሙት አያታችን ነበሩ። ፊቴን አይተው ሻይ ቀድተው ሰጡኝና እስክጨርስ ክርኔን ይዘውኝ ቆሙ።

ከዚያ ቆማ የምትተኩስበት ተራ መጣ። ሰባተኛው መስመር ላይ ቆመች፤ ስድስተኛው ላይ ሄልዩ የምትባል ከኢስቶኒያ የመጣች ስልሳ ዓመት ያለፋት ሴት ነበረች። እማዬ ተነፈሰች፣ ተኮሰች፣ ነጥቡ ነጭ ሆነ። ደገመች፣ ነጭ ሆነ። አያታችን እጃቸውን እያጨበጨቡ «ጎሽ! ጎሽ የእኔ ልጅ!» ይላሉ። እኔ ግን አየሁ፤ የሚወድቀው ስድስተኛው መስመር ላይ ያለው ነው። እማዬ የጎረቤቷን ዒላማ እየመታችላት ነው! ሄልዩ ገና አንድ ተኩሳ አንዱን ስታለች፤ ሆኖም ዒላማዋ ተራ በተራ ነጭ ሲሆን አንዴ ጠመንጃዋን ታያለች፣ አንዴ ሰማዩን። እኔ «እማዬ፣ የእኛ አይደለም!» ብዬ ብጮህም ነፋሱ ወሰደው። ለአያታችን ስነግራቸው «ታዲያ ወደቀ አይደል? የማንም ይሁን፣ ወድቋል!» አሉኝ።

አምስቱን ጥይት ስትጨርስ ዳኛው ትከሻዋን ነክቶ ጣቱን ወደ ዒላማዎቹ ቀሰረ። እማዬ አየች። የራሷ አምስት ነጥብ እንዳለ ጥቁር ነው። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ አንገቷን ደፋች። ዚታ፣ ያለቀሰች መሰለኝ። ይህ ሁሉ እኔ ስላልከለከልኳት ነው፣ ቤት መቀመጥ ነበረባት አልኩ። አጥሩ ድረስ ሮጥኩ። ቀና ስትል እየሳቀች ነበር! ዓይኗ እስኪጠፋ፣ በአፏ ሙሉ፣ አባዬ በግ ሊሸልት ገብቶ በጉ ይዞት የሮጠ ዕለት እንደሳቀችው ሳቅ። እየሳቁ ደግሞ ቆሞ መተኮስ አይቻልም፤ አፈሙዙ እንደ ሸምበቆ ይወዛወዛል። ሌሎቹ ቡድኖች እየመጡ፣ እየተኮሱ፣ እየሄዱ ነው። ዶናት ኮፍያውን መሬት ላይ ጥሎ «ቦዜና! ሳቁን ለቤት አቆዪው!» እያለ ይለምናታል፤ እሷ ደግሞ እሱን በሰማች ቁጥር ይብስባታል። በመጨረሻ ጥርሷን ነክሳ በሦስቱ መጠባበቂያ ጥይት ሁለት መታች። ላልወደቁት ሦስት ነጥቦች ሦስት የቅጣት ዙር ተፈረደባት። እያንዳንዷን ዙር ስትዞር እየሳቀች ነበር። ሕዝቡም አብሯት ይስቃል፣ ያጨበጭባል። አያታችን ሲስቁ ጥርሳቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ ቆይተው እጃቸውንም ረሱት።

ዐሥራ ሁለተኛ ወጣን። ዶናት እስከ አሁን ያኮርፋል፤ ስድስተኛ አስረክቤ ነበር ብሎ ለመንደሩ ሁሉ አውርቷል። እማዬ እንደጨረሰች ሄልዩ መጣች። ዳኞቹ የሷን ዒላማ መልሰው አቁመውላት እንደገና ተኩሳለች፤ ቂም ግን አልያዘችም። በሩስኛ «ሠላሳ ዓመት ተኩሻለሁ፤ ዒላማ በራሱ ሲወድቅልኝ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው» አለች። እማዬ ከደረቷ የተጨማደደውን አበባ አውጥታ ሰጠቻትና «ከነሐሴ ጀምሮ ጎረቤት ሁሉ በድስት ምግብ ሲያመጣልኝ ከረመ። እኔም በተራዬ ለጎረቤት አንድ ነገር ላድርግ ብዬ ነው» አለቻት። ጋሼ ቬንዴሊን የሚጠጡት የጎመን ሾርባ በአፍንጫቸው ወጣ።

ሾርባው ላይ አያታችንና እማዬ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እማዬ ሁለት ሳህን በላች፤ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ጊዜ የአንቺን ሐሳብ ነገርኳት፤ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ደፍሬ አልነገርኳትም ነበር። ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ቤቱን ለመያዝ ነው የምትመጣው?» አለች። አዎ አልኳት። «ቤቱ ተይዟል በላት። እዚያ ያሉትን እናቶች ታዋልድ» አለች። አያታችንም «የእኔንም ጨምርበት፤ ባሏ የሞተባትን ሴት እንደ ሕፃን የሚጠብቃት ሰው አያስፈልጋትም። እኔ ራሴ ትናንት ነው የገባኝ» አሉ። ትናንት ያሉት ያንኑ ዕለት ነው፤ ቀኑ ጠፍቶባቸዋል።

ስለዚህ እህቴ፣ ያን «ነይልን» ያልኩትን ቃሌን እመልሳለሁ። አትልቀቂ። ሥልጠናሽን ጨርሺ። እኔ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም፤ አሁንም አንዳንድ ቀን ወደ ጎኔ እዞራለሁ። ነገ ደግሞ የሒሳብ ፈተና አለብኝ፣ አላጠናሁም። ቤቱ ግን እንደገና ቤት ሆኗል፤ ዛሬ ከቅዳሴ ስመለስ በሩን ሳልቆም ከፈትኩት። በነሐሴ የአባዬ ሙት ዓመት ላይ ነይ። እኛን ልትይዢ ሳይሆን፣ ከእኛ ጋር ልትበዪና ልትስቂ ነይ።

እማዬ ዓይንሽን ትስማለች፤ የምትሠራልሽ ሹራብ አልቋል፣ እጅጌው ረዝሟል ትልሻለች። አያታችን ሮዛሊያ በእግዚአብሔር ስም ይባርኩሻል፤ ኖርዌይ ውስጥ ጾም ይጾማል ወይ ብለው ይጠይቁሻል፣ እባክሽ አዎ በያቸው። ጋሼ ቬንዴሊን ሰላም ይሉሻል። ዶናት ስድስተኛ እንደነበረ እንድታውቂለት ይፈልጋል። ለአከራይሽ ሰላም በይልኝ፣ ለድመቷ ግን አይደለም።

የሚናፍቅሽ ወንድምሽ፣
ታዴያሽ

ያቮሪንካ፣ ስሎቫኪያ
እሑድ፣ ማርች 9 ቀን 2003