ለአባዬ ቤት የመረጥነው ጠመንጃ

ይድረስ ለወንድሜ ለከሊድ፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንዴት ሰነበትክ ወንድም ዓለም? ወገብህን ተሻለህ ወይ? የእዚያ ሙቀትስ ትንሽ በረድ አለ? ምግብህን በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ ሥራ ላይ ስትሆን ትረሳዋለህ? ይህን ጠይቂልኝ ብላ እማዬ አጠገቤ ተቀምጣለች። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ስምህ ሳይነሳ የሚነሳ ማዕድ ግን የለም።

ለቤቱ መጠበቂያ መሣሪያ ግዙ ብለህ መልእክት ከላክህልን ወዲህ የሆነውን በስልክ የነገርኩህ በቁርጥራጭ ስለሆነ፣ አሁን ከሥር ከመሠረቱ ልጻፍልህ። ሌቦቹ በረቱን ሰብረው በሬያችንን ቦራን ሲነዱት አባዬ ዱላ ይዘው ወጥተው፣ አንደኛው ገፍትሮ ክንዳቸውን ጎድቷቸው እንዳለፈ ታውቃለህ። ክንዳቸው ቶሎ ዳነ። ቅስማቸው ግን እንደተሰበረ ቀረ። ሰዉ ሁሉ፣ ሌቦቹ በአጠገብዎ ሲያልፉ እንዴት አንዱን እንኳ አልለዩም እያለ ሲጠይቃቸው፣ ጨለማ ነበር ይላሉ። ከመስጊድ ሲመለሱም ከሰው ጋር ቆሞ መጫወት ተዉ።

ጎረቤታችን ጋሽ ይስማው የድሮ ወታደር ስለሆኑ አብረውኝ ሊዞሩ ፈቀዱ። መጀመሪያ ደሴ ፒያሳ፣ ሞላ የሚባል ሰው ሱቅ ሄድን። ከጓዳው አንድ ክላሽ አወጣልን፤ ሰደፉ ቫርኒሽ ተቀብቶ እንደ ሙሽራ ቁም ሳጥን ያብረቀርቃል። እውነቴን ነው፣ ለእኔ ቢሆን እዚያው ወስጄው ነበር። ጋሽ ይስማው ግን ጥይት እንደሌለበት ሁለት ጊዜ አዩና በርሜሉን ወደ ብርሃን አዙረው አጮለቁ። ውስጡ ተበልቷል አሉኝ። ፈቃዱን ሲጠይቁት ሞላ እየሳቀ፣ "እሱ በኋላ ይደርሳል፣ አታስቡ" አለ። ጋሽ ይስማው መሣሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ "ሌባ ፈርተን እኛው ወንጀለኛ ልንሆን ነው?" ብለው እጄን ይዘውኝ ወጡ።

ሁለተኛው ሰኞ ገበያ አጠገብ፣ ወይዘሮ ይታይሽ ከሚባሉ እናት ቤት ነበር። የሟች ባላቸው ምንሽር ነው። ሰደፉ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል፤ ሲያዩት ያስቃል። በርሜሉ ግን ንጹሕ ነው፤ ወረቀቱም የተሟላ። ሳንሞክረው አንገዛም ስንላቸው፣ "እኔም ሳይሞከር አልሰጥም፤ ማን ቤት እንደሚገባ ላውቅ ይገባኛል" አሉን።

ቅዳሜ ጠዋት ፖሊስ አስፈቅደን፣ አንድ የፖሊስ አባልም አብሮን ሆኖ፣ ከቤታችን በላይ ወዳለው ድንጋይ መፍለጫ ወጣን። የዘይት ጣሳ ሃምሳ እርምጃ ላይ አስቀመጥን። ጋሽ ይስማው ተኩሰው በመጀመሪያው መቱት። ቀጥሎ አባዬ ተንበረከኩ። እጃቸው ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም፤ ኮራሁ። አፈሙዙ ግን የዞረው ወደ አንድ ጉቶ ነበር። ጋሽ ይስማው ቀስ ብለው፣ "ሱሌማን፣ ጣሳው ወደ ቀኝ ነው" አሏቸው። አባዬ አፈሙዙን ወደ ቀኝ አዞሩ፤ ጣሳውንም አልፎት ሄደ። ከዚያ ሳይተኩሱ ጥይቱን አውጥተው መሬት ላይ አኖሩት።

"አይታየኝም" አሉ። "ሌቦቹንም ያልለየኋቸው በጨለማው አይደለም። ባለፈው አንተ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ዱላ ያነሳሁብህ ማን እንደሆንክ ጠፍቶኝ ነው፣ ይስማው። ይህ ነገር በእጄ ቢሆን ኖሮስ?" ጋሽ ይስማው ከጎናቸው ተቀመጡ። እኔ ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ። ስንት ጊዜ አብሬያቸው በልቼ፣ አብሬያቸው መንገድ ሄጄ አላወቅሁም!

ትንሽ ቆይተው፣ "ሱዓድ፣ ነይ ያዢው" አሉኝ። እንቢ ብልም አልሰሙኝም። የመጀመሪያውን ስተኩስ ሰደፉ ትከሻዬን ነረተኝ፤ ጣሳው ንቅንቅ አላለም። አባዬ ጆሯቸውን አቅንተው፣ "ከላይ ያለውን ድንጋይ ነው የመታሽው። አይንሽን ጨፍነሻል" አሉ። ወላሂ ጨፍኜ ነበር። ሁለተኛው ወደ ግራ ሄደ፤ እሱንም ነገሩኝ። "ቃታውን አትንጠቂው፣ ትንፋሽሽን ያዢና ቀስ አድርገሽ ሳቢው።" በሦስተኛው ጣሳው ጮኾ ተገለበጠ። አባዬ ሳቁ፤ ቦራ ከተሰረቀ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ሰኞ ደሴ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። የአይን ሞራ ነው፣ በቀላሉ ይገፈፋል አለን፤ ለኅዳር ቀጠረን። ከዚያ ወጥተን የገዛነውን ምንሽር ስም ለማዛወር ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ገባን። ጸሐፊው ብዕሩን አንስቶ፣ "ፈቃዱ በእርስዎ ስም ነው አይደል አባት?" አላቸው።

"በልጄ ስም ጻፈው" አሉት። "እኔ የማላየው ላይ አልተኩስም።"

ጠመንጃው አሁን በሣጥን ተቆልፏል፤ ጥይቱ ለብቻው ነው፣ ቁልፉ እማዬ ዘንድ። እስካሁን አላስፈለገንም፣ አላህ አያምጣብን። እኔም ፋብሪካው የቀን ፈረቃ ስለሰጠኝ በጊዜ ቤት እገባለሁ። አባዬ ስለ አይናቸው ለሰፈሩ ሁሉ ራሳቸው ተናግረዋል፤ ከጁምዓ በኋላም እንደ ድሮው ቆመው መጫወት ጀምረዋል። ምሳ እስኪቀዘቅዝ ነው የሚቆዩት፤ እማዬ እየተቆጣች ደስ ይላታል።

ባለቤትህን ራቢያን አቅፈህ ሳምልኝ። ጋሽ ይስማው፣ ሰውነትህን ጠብቅ ብለውሃል። እማዬ በምርቃት ልታጠግብህ ፈልጋ ወረቀቱ አልበቃ አለኝ። አባዬ ደግሞ፣ የኅዳሩን ቀጠሮ በዱዓህ አትርሳ፤ ስትመጣ ፊትህን በደንብ ማየት እፈልጋለሁ ብለዋል።

እህትህ ሱዓድ ሱሌማን
ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.