የተዘጋው ማይክ

ውድ አባዬ፣

ስልክ ስደውልልህ «ማን ልበል?» እያልክ ደጋግመህ ትጠይቅና ትዘጋዋለህ። ተቀይመኸኝ ይመስለኝ ነበር። አክስቴ ግን ትናንት «ተይው፣ በስልክ የሰው ድምፅ አይለይለትም» አለችኝ። ስለዚህ እጽፍልሃለሁ። ዓይንህ እንኳን፣ ተመስገን፣ ደህና ነው።

ሰርጌ ቅዳሜ እንደሆነ ታውቃለህ። የማታውቀው ለምን ዲጄ እንደመረጥኩ ነው። ባንድ ወይስ ዲጄ የሚለው ነገር ለሌላዋ ሙሽራ የምርጫ ጉዳይ ነው፤ ለሳክስፎን ተጫዋች ልጅ ግን አባትሽን ትጠሪያለሽ ወይስ አትጠሪም እንደማለት ነው። መጀመሪያ እጮኛዬ ዲጄ ይሻላል ሲል ሽንጤን ገትሬ የተከራከርኩት እኔ ነበርኩ። ዲጄ የሰው ፊት አያይም፣ አባቴ ግን አንዲት አሮጊት ወንበሯ ላይ ሆና እግሯን ስታወዛውዝ ካየ ለእሷ ሲል ዘፈኑን ያስረዝመዋል አልኩት። እሱም ተረታ።

ከዚያ የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ ልጅ ሰርግ መጣ። አንተ ከባንድህ ጋር መድረክ ላይ ነበርክ፤ እኔ መቀመጫ አጥቼ ሽቦ የምትሉት የድምፅ ባለሙያችሁ አጠገብ ቆሜያለሁ። ተራህ ደርሶ ዓይንህን ጨፍነህ ስትነሳ፣ ሽቦ ያንተን ማይክ ወደ ታች ሳበና ዘጋው። ኪቦርድ ተጫዋቹም አንገቱን ደፍቶ በኪቦርዱ የሳክስፎን ድምፅ ያንተን ዜማ ተጫወተልህ። አዳራሹ አጨበጨበ፣ አንተም ጎንበስ ብለህ አመሰገንክ። ነገሩ አልዋጥልሽ ቢለኝ በሚቀጥለው ዘፈን መድረኩ ሥር ድረስ ተጠግቼ የራስህን ሰማሁት። ከዜማው ወጥተህ ብቻህን ትሄድ ነበር።

ሽቦን ስጠይቀው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ጆሮው ከሄደ ቆየ» አለኝ። «ዕድሜ ልኩን ስፒከር ሥር ቆሞ ምን ይተርፈዋል? በቃህ እንዳንለው አንጀታችን አልቻለም። አንቺም አፍሽን ያዢ፤ ከነገርሽው ይሞትብናል።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ስለ ሐሜት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ እንዲህም አለ።

በራሴ ሰርግ ይህን ቆሜ ላይ አልቻልኩም። ባንዱ እያወቀ፣ እኔ በነጭ ልብሴ እያወቅሁ፣ አንተ ብቻ በደስታ ላብህ ጠብ እስኪል ለማንም የማይሰማ ነገር ስትነፋልኝ። ስለዚህ ምሳ እየበላን ሳለ «ዲጄ ይሁን፣ ዘመኑ የዲጄ ነው» አልኩህ። አልሰማ ብለህ ሁለቴ አስደገምከኝ። እንዲህ ያለ ነገር ጮኾ መድገም ምን ያህል እንደሚያስጠላ አትጠይቀኝ። ማንኪያህን አስቀመጥክና «አፈርሽብኝ ማለት ነው?» አልከኝ። አይደለም ብልህ ለምን ትለኛለህ፤ ለምኑን ብነግርህ ደግሞ ትሞትብኛለህ። ሳህኖቹን ማንሳት ጀመርኩ። በማግስቱ የሳክስፎን ሳጥንህን አንጠልጥለህ አክስቴ ጋ ሄድክ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ይህን ቤት ቤት ያደረገው ያንተ መንፋት ነበር፤ አሁን የማቀዝቀዣው ጩኸት ብቻ ነው የቀረኝ።

ሌላም ልንገርህ፣ ከሰው ከምትሰማው ከእኔ ይሻላል። ባንዱ ለቅዳሜ ሌላ ሰርግ ይዟል። ባንተ ቦታ አንድ ወጣት ሳክስፎኒስት ወስደዋል።

ትናንት ሁሉንም ለአክስቴ በስልክ ዘረገፍኩላት። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ሳቀች፣ ደስ የማይል ሳቅ።

«እሱ መች አጣው» አለችኝ። «ማይኩ ሲዘጋ እግሩ ሥር ያለው የራሱ ስፒከር መንዘሩን ያቆማላ። ካወቀ ከርሟል። ጓደኞቼ እንዳያፍሩ ብዬ የማላውቅ እመስላለሁ ይላል። ለልጄ ሰርግ ግን አንዴ ብቻ ክፈቱልኝ ብዬ ልለምናቸው ነበር እያለ ነው የከረመው።»

አባዬ፣ ምን ነክቶን ነው? እነሱ ላንተ ሲሉ፣ አንተ ለእነሱ ስትል፣ እኔ ለሁላችሁ ስል፣ ስንተዛዘን የነበረንን አንድ ነገር ቀበርነው። ተናድጃለሁ፣ ባንተም ጭምር። «አውቃለሁ፣ ግን ልንፋልሽ» ብትለኝ ምን ነበረበት?

ባንዱን አሁን መመለስ አይቻልም። የሚመጣው ዲጄው ነው። አንድ ነገር ግን አዝዤዋለሁ፦ ከበሩ ተነስቼ መድረኩ ጋ እስክደርስ ምንም እንዳይከፍት። «ሙሽራ ያለ ሙዚቃ ስትገባ ለቅሶ ይመስላል» አለኝ። ይምሰል አልኩት። ያ ቦታ ያንተ ነው፤ እየነፋህ ታስገባኛለህ። ማይክ አይኖርም፣ ስለዚህ የሚዘጋብህም ሰው የለም። ትስታለህ፤ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። እንግዳው እርስ በርሱ ይተያያል፣ የሚስቅም አይጠፋም። ይሳቅ። እኔ በሳትክበት ላይ እየረገጥኩ እገባለሁ።

ካልመጣህ አልቀየምህም ብዬ አልዋሽህም። እቀየምሃለሁ፣ ምናልባትም እስክሞት። ቢሆንም በዝምታው እገባለሁ። እንግዳው የዲጄው ዕቃ የተበላሸ ይመስለዋል፤ የራሴን ጫማ ድምፅ እየሰማሁ ማን እንዳልመጣ የማውቀው እኔ ነኝ።

ልጅ ሳለሁ ሳጥኑን ስትከፍት፣ የሳክስፎኑ አፍ ላይ የምታስራትን ስስ ሸምበቆ በምራቄ እንዳርስልህ ትሰጠኝ ነበር። ያለዚያ አይጮህም ትለኝ ነበር፣ እኔም አምንህ ነበር። የምታስውበኝ ሴትዮ ምን ያህል እንደምትቆጣ አላውቅም፤ ቅዳሜ ግን ሸምበቆዋን እንዳርስልህ ከንፈሬን ሳልቀባ በሩ ጋ እጠብቅሃለሁ።

ልጅህ