«ስምንት ሰዓት ይመቻል» አልኩት

ሰኞ፣ ሰኔ 2
ጾም ገባ። ጠዋት ቀፊራ ገበያ ወርጄ ምስር ገዛሁ። ገና በሦስት ሰዓት ሙቀቱ አናት ይበሳል። ሌላ የረባ ነገር የለም።

አለ እንጂ። ትናንት ከቅዳሴ በኋላ... እስካሁን ያንገበግበኛል። ወልደጻድቅ፣ ከደብረ ብርሃን የመጣው አዲሱ የሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊ፣ ሕዝቡ ፊት ቆሞ «እናታችን ደክመዋል፣ ከእንግዲህ ይረፉ፤ የልጆቹን የበጎ ፈቃድ ቡድን እኔ እይዘዋለሁ» አለ። ተጨበጨበልኝ። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ! ደክሞኛል ብዬ ለማን ተናገርኩ? ደግሞ አንቱታው። ድሬ ውስጥ ማን ለማን አንቱ ይላል? ልጆቹ እንኳ «አንቺ የሺ» ነው የሚሉኝ። አክብሮ ጣለኝ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4
ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ለቤት ዞርኩ። ስልካቸው ላይ የተጣዱትን ልጆች አባብዬ፣ እናቶቻቸውን ለምኜ... በስድስት ጀምረን ሠላሳ አንድ ደረስን። ክረምት ሳይገባ የሰፈሩን የጎርፍ ቦይ የሚጠርጉት እነሱ ናቸው። አምና የሃሊሞ ሱቅ ከጎርፍ የተረፈው በማን ሆነና? ልጇ ከሪም እንኳ፣ መስጊድ የሚሰግደው፣ አካፋውን ይዞ ከእኛ ጋር ነበር። ያኔ ወልደጻድቅ የት ነበር? ደብረ ብርሃን፣ ጋቢው ውስጥ።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። ይበሉ። እኔ ይዣለሁ።

ዓርብ፣ ሰኔ 13
ወልደጻድቅ በእግሩ መጣልኝ። ቤቴ ድረስ። ቦዩ ረቡዕ ይጠረጋል አለ። ከአስተዳደሩ እንግዶች ተጋብዘዋል፣ ካሜራም ይመጣል።

«እንግዶቹ የሚመቻቸው ከሰዓት ነው። ስምንት ሰዓት ብናደርገውስ? አገሩን እርስዎ ያውቁታል።»

እኛ ሁሌ ንጋት አስራ ሁለት ላይ ጀምረን ሦስት ሰዓት ሳይሆን እንጨርሳለን። በዚህ ወር፣ በስምንት ሰዓት፣ ፍየል እንኳ ከጥላ አትወጣም። አንድ ልጅ አይመጣለትም።

«በጣም ይመቻል» አልኩት።

አመስግኖኝ ሄደ። በሩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17
ነገ ነው። እሱ፣ እንግዶቹ፣ ካሜራው... ከፊታቸው ባዶ ቦይ። ከሃሊሞ ሱቅ በረንዳ ሆኜ አየዋለሁ። እስከ ዘጠኝ ጾመኛ ሆንኩ እንጂ ሻሂ አዝዤ ነበር የማየው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 18
መጡ። ሠላሳ አንዱም።

ምን ነካቸው? ፀሐዩ ድንጋይ ያቀልጣል። ወልደጻድቅ ራሱ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ አካፋ ይዟል። ተነስቼ «በቃ፣ ግቡ» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ትንሽ ይብሰል ብዬ ግማሽ ሰዓት ተቀምጬ አየሁ። ከሪም ውኃ ሲያዞር ኑሀሚን «ዘጠኝ ሳይሆን አልጠጣም» ስትለው ሰማሁ። ስንጀምር ከነበሩት ስድስት ልጆች የመጀመሪያዋ ናት፣ አስራ ስድስት ዓመቷ ነው። አካፋዋን እንደያዘች ተዝለፍልፋ ወደቀች።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ባጃጁ ውስጥ ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ ነበር። ይፋጃል።

ሐሙስ፣ ሰኔ 19
ጤና ጣቢያ አደርን። ግሉኮስ ተሰጣት። ጠዋት ዓይኗን ገለጠች... ተመስገን።

«በዚያ ፀሐይ ምን ልሁን ብለሽ ወጣሽ?»

«ወልደጻድቅ ‹እትዬ የሺ ራሳቸው ይመቻል ብለዋል› አለን። አንቺ ካልሽ ብለን ሁላችንም ወጣን።» «ለካ ዋሽቶን ነው። አንቺ እንደዚያ አትይም።»

ትራሷን አስተካከልኩላት።

ዓርብ፣ ሰኔ 20
ወሬው ሰፈሩን አዳርሷል። ወልደጻድቅ ውሸታም ነው። ሃሊሞ ሳትቀር እየተራገመች ነው፣ ከሪም ሰላም አይለውም። እሱ ለማንም ምንም አልመለሰም። ለምን አይናገርም? አንዴ «ጠይቄያት ነበር» ቢል እኮ እክደዋለሁ፣ እጣላዋለሁ። እንደዚህ ዝም ሲል ምን ላድርገው?

እሁድ፣ ሰኔ 22
ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ተጠራን። ልጆቹ «ውሸታም ስር አንሠራም» አሉ። ወልደጻድቅ ተነስቶ «ሰዓቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ» ብሎ ተቀመጠ። ወደ እኔ ዞሮ እንኳ አላየም። ቡድኑ ለእኔ ተመለሰ። ተጨበጨበ።

ያልኩት ሁሉ ሆነ። ከተመኘሁትም በላይ ተዋረደልኝ። ታዲያ ምነው አልጣፈጠኝም?

ኑሀሚን እንደተዳከመች መጥታ እጄን ያዘች። «እንኳን ተመለስሽልን። አንቺ እንደዚያ እንዳላልሽ ለሁሉም ነግሬያቸዋለሁ።»

«አልዋሸም» አልኳት።

«ማን?»

«ወልደጻድቅ። ጠይቆኝ ነበር። አንድም ሰው እንዳይመጣለት ብዬ ይመቻል አልኩት።»

እጇን ቀስ ብላ ከእጄ አወጣች። በሰው መሃል አልፋ፣ ሄዳ እሱ አጠገብ ተቀመጠች።