ለሮዌና ክብር ስለተነፉት ፊኛዎች

ይድረስ ለክቡር ዶክተር ጁሊያን ፔምበርተን፣ የሆልምክሮፍት የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ፤ ቢሮዎ ታካሚዎቹ ከሚተኙበት ከዋርዱ የራቀ ስለሆነ ጸጥታው እንደሚስማማዎት አልጠራጠርም። እኔ የሮዌና አክሮይድ እናት ነኝ። ኦቲዝም ያለባትን የሃያ ስድስት ዓመት ልጄን ለሁለት ሳምንት ብላችሁ ተቀብላችሁ፣ እነሆ አሥራ ዘጠኝ ወር አቆያችኋት፤ ስለ መስተንግዶው ምስጋናዬ የላቀ ነው።

1. ድምፅ ስለሚያማት የምታደርገውን የጆሮ መከለያ «ለደኅንነቷ» ወስዳችሁ፣ በምትኩ ቀኑን ሙሉ የሚጮኽ የአደጋ ደወል ስለሰጣችኋት አመሰግናለሁ። ጆሮዋን በእጇ ይዛ ጥግ ብትቀመጥ በመዝገቧ ላይ «አትተባበርም» ተብሎ ተጽፏል።

2. በሚያዝያ ወር የኦቲዝም ግንዛቤ ቀንን በዋርዱ ስላከበራችሁ ኮርቻለሁ። ከታካሚዎቹ ኦቲዝም ያለባት እሷ ብቻ ስለሆነች ስልሳው ፊኛ የተነፋው፣ የድምፅ ማጉያውም የተተከለው ለእሷ ክብር መሆኑ ነው። ነርስ ትሬሲ «ነይ እንጂ የኔ ቆንጆ፣ ላንቺ እኮ ነው» እያሉ እጇን ጎትተው መሀል አስገቧት። ልጄ «ጫጫታው ያመኛል፣ ክፍሌ ልግባ» ብላ ሦስት ጊዜ ለመነች። ፊኛ ፈነዳ፤ ጮኸች፤ አራት ሰዎች መሬት ላይ ተጭነዋት መርፌ ወጓት። ልትወጣ ሁለት ሳምንት ቀርቷት ነበር፤ «ጠበኛነት ስለታየባት» ሦስት ወር ተጨመረላት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። ለዝግጅቱ ያገኛችሁትን የምስክር ወረቀት በመግቢያው ላይ ተሰቅሎ አይቻለሁ፤ ኬኩም ጥሩ ነበር አሉ።

3. ይህን ባስረዳ ሐኪሟ «እናት ስለሆኑ ነው፣ ባለሙያዎቹ እኛ ነን» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ እኔ ያሳደግኳት ብቻ ነኝ። ስትጨነቅ መጋረጃ ዘግቼ ዝም እላለሁ እንጂ ሌላ ሙያ የለኝም።

ሐሙስ ዕለት ስለ መውጫዋ ትሰበሰባላችሁ። ልጄን ቤቷ መልሱልኝ።

ውድ ጊዜዎን በሰው ልጅ ጉዳይ ስላባከንኩ ይቅርታ እየለመንኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ዶሪን አክሮይድ
ጡረተኛ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ፣ ሃሊፋክስ

ማስታወሻ፦ ባለፈው እሑድ ልጠይቃት ብመጣ፣ በዕድሜዋ ሙሉ የሰው ዓይን ፊት ለፊት አይታ የማታውቀው ልጄ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ እየሣቀች «ደህና ነኝ እማዬ፣ ተሽሎኛል» አለችኝ። ቀጥላም «እንዲህ ካልኳቸው ይለቁኛል፤ በመስታወት እየተለማመድኩ ነው» አለች። ዋሽታ የማታውቀውን ልጅ ውሸት ስላስተማራችሁልኝ ሕክምናችሁ ሠርቷል። ሐሙስ ዓይንዎን አይታ ደህና ነኝ ትልዎታለች። አይመኗት፤ ብቻ ይልቀቋት።